የተቆላ ቡና ከየት ይገዛ? በድሬዳዋና በሐረር ያሉ አራት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ቀፊራ ገበያ ወይም ጊድር መጋላ ቡና ሊገዛ የሄደ ሰው ከየሱቁ የሚሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ ቡናው ሁሉ የሐረር ነው፣ ሁሉም አንደኛ ደረጃ ነው፣ ሁሉም የተቆላው ዛሬ ጠዋት ነው። ቡና የሚበቅልበት አገር ላይ ተቀምጦ ቡና መምረጥ ይቸግራል ቢባል ለሌላ አካባቢ ሰው እንግዳ ይመስለው ይሆናል። ባሕር ማዶ ያለ ገዢ በናሙና፣ በደረጃና በቅምሻ ውጤት ሲገዛ፣ እኛ ግን የምንገዛው በደንበኝነትና ከበር በሚወጣው ሽታ ነው። ምርጫውም ከቀድሞው በዝቷል፤ ጥሬ ቡና ገዝቶ ቤት ከመቁላት ሌላ ቆልቶ የሚፈጭ ሱቅ አለ፣ በትእዛዝ በትንሽ በትንሹ የሚቆላ ባለሙያ አለ፣ የታሸገ የፋብሪካ ቡናም አለ።

ይህ ጽሑፍ እነዚህን አራቱን ያነጻጽራል። የሱቅም ሆነ የድርጅት ስም አይጠራም፤ አንድ ቆሊ በዚህ ወር የያዘው ጆንያ በሚቀጥለው ወር ከሚይዘው ጋር ላይገናኝ ስለሚችል፣ ስም ይዞ ከመሄድ መለኪያ ይዞ መሄድ ይሻላል። ዋጋም በብር አልተጻፈም፤ ጽሑፉ ሳይደርቅ ዋጋው ይለወጣልና በምትኩ ማወዳደሪያ ስሌት ተቀምጧል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ በእኛ ከተሞች ጥሩውን ቡና ከመናኛው የሚለየው የመቁያው ማሽን ወይም “ሐረር” የሚለው ስም ሳይሆን፣ ቡናው መቼ እንደተቆላና ከመቆላቱ በፊት መጥፎ ፍሬው ምን ያህል እንደተለቀመለት ነው።

## መለኪያዎቹ

በመጀመሪያ ስሙን እናንሳ። “ሐረር” የገበያ ስም ነው እንጂ የከተማዋ ጓሮ ቡና አይደለም። ከፈረንጆቹ የባቡር ሐዲድ በፊት ቡናው በግመል ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወርድ በነበረበት ዘመን ሐረር የመሰብሰቢያው ከተማ ስለነበረች ስሟ በቡናው ላይ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደ ታች ወረደ፣ ስሙ ግን አልተለወጠም። ዛሬም በኢትዮጵያ ምርት ገበያ አመዳደብ “ሐረር” ሲባል ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ አልፎ የአርሲና የባሌ አንዳንድ አካባቢዎችን ቡና ይጨምራል። ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች፤ መንደራችን ሱቅ ውስጥ ግን በጆንያው ላይ የተጻፈውን ስም የሚያጣራ የለም። ስለዚህ “የሐረር ነው ወይ?” የሚለው ጥያቄ አይጠቅምም። “የየት ወረዳ ነው?” ብለው ይጠይቁ። መሰላ፣ ሂርና፣ ሃብሮ፣ በዴኖ፣ ግራዋ፣ ደደር ብሎ የሚመልስ ሻጭ ቢያንስ ከማን እንደገዛው ያውቃል። “የዚሁ የኛ ነው” የሚል መልስ እንዳልተመለሰ ይቆጠር።

ረጅም ፍሬ፣ አጭር ፍሬ፣ ሞካ የሚለው መለያም የሚነግረን የፍሬውን መልክ ነው። ሞካ የሚባለው ድቡልቡሉ ፍሬ፣ በአንድ እሸት ውስጥ ሁለት መሆን የነበረባቸው ዘሮች አንዱ ብቻ ሲያድግ የሚገኝ ነው። መጠኑ ተመሳሳይ የሆነ ፍሬ እኩል ስለሚቆላ ጥቅም አለው፤ ጣዕሙ ግን በፍሬው ርዝመት አይወሰንም። ለርዝመት ብቻ ብዙ ብር መጨመር አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ ሊታይ የሚገባው ለቀማው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የሐረርጌ ቡና በአብዛኛው ሳይታጠብ ከነሥጋው ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ነው። ያ የዘቢብ፣ የወይን ጠጅና የእንጆሪ ጠረኑ የሚመጣውም ከዚሁ አዘገጃጀት ነው። ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው፤ ቀይ እሸትና ገና ያልቀላ ፍሬ አንድ ላይ ተሸምጥጦ አንድ ላይ ከደረቀ፣ ሁሉም ጠቁሮ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ፍሬ) ስለሚሆን ከውጭ መለየት ያስቸግራል። ልዩነቱ የሚታየው ከተቆላ በኋላ ነው። ያልበሰለው ፍሬ ስኳሩ ስላልሞላ እሳት ቢነካውም አይጠቁርም፤ ከቡናማዎቹ መካከል ገርጥቶ ይቀራል፣ ሲያኝኩትም የኦቾሎኒና የጭድ ጣዕም አለው። በዓለም አቀፉ የስፔሻሊቲ (የላቀ ደረጃ) ቡና መስፈርት በ100 ግራም የተቆላ ቡና ውስጥ እንዲህ ያለ ፍሬ አንድም እንዲገኝ አይፈቀድም፤ ከ350 ግራም ጥሬ ቡና ውስጥም እንደ ሙሉ ጥቁርና ጎምዛዛ ፍሬ ያለ ዋና ጉድለት ጨርሶ መኖር የለበትም፣ እንደ ስባሪና በትንሹ ተባይ የነካው ያሉት ቀላል ጉድለቶችም ከአምስት መብለጥ የለባቸውም። ለውጭ ገበያ በሚዘጋጅ ቡና ይህን የሚሠሩት በድሬዳዋ መጋዘኖች ቁጭ ብለው ፍሬ በፍሬ የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። አገር ውስጥ ለእኛ የሚቀርበው ግን በአብዛኛው ለውጭ ከተዘጋጀው የተረፈው ወይም ደረጃው ዝቅ ያለው ነው። ያን ለቀማ ማን ይሠራልን? የአራቱ አማራጮች ትልቁ ልዩነት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ ብርጭቆ ሙሉ የተቆላ ፍሬ በነጭ ሳህን ላይ ይዘርጉና በመስኮት ብርሃን ይዩት። የሐረርጌ ቡና ሲቆላ እንደ ታጠበ ቡና አንድ ወጥ ቀለም አይኖረውምና ትንሽ መዘባረቁ አያስደንግጥዎ፤ የሚቆጠሩት የገረጡት፣ ጫፋቸው የከሰለ፣ በተባይ የተበሱና የተሰበሩት ናቸው። ሻጩ ሳህን ሲወጣ ፊቱ ከተለወጠ መልሱን አግኝተዋል።

ሁለተኛው ዋና መለኪያ የተቆላበት ቀን ነው። ከእሳት የወጣ ፍሬ በውስጡ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ ጋዙ በቀናት ውስጥ ይወጣል፣ ቦታውን ኦክስጅን ይይዝና ቅባቱን ማበላሸት ይጀምራል። ያልተፈጨ ቡና በደንብ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ለአንድ ወር ያህል ደህና ሆኖ ይቆያል፤ የተፈጨው ግን ጠረኑን ማጣት የሚጀምረው ከወፍጮው አፍ ሳይርቅ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት ነገሩን ያፋጥነዋል፤ በግንቦትና በሰኔ በፀሐይ ፊት መደርደሪያ ላይ የዋለ ከረጢት ቀኑ አዲስ ቢሆንም ቡናው አርጅቷል። ለጀበና የሚፈልግ ሰው በተቆላበት ዕለት ቢያፈላው ችግር የለውም፤ መፍላቱ ራሱ ጋዙን ያባርረዋል። በማሽን ማኪያቶ የሚሠራ ቤት ግን ትናንት የተቆላ ቡና ቢሞላ አረፋው ይበዛበታል፣ አወራረዱም አይስተካከልለትም፤ ለማሽን ከአምስት እስከ አሥር ቀን ያረፈ ቡና ይሻላል።

ቀጥሎ የአቆላሉ ደረጃ ይመጣል። ፍሬው 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል፤ 225 አካባቢ ደግሞ ሁለተኛ፣ ቀጠን ያለ መንጣጣት ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ቅባቱ ወደ ውጭ ይወጣና ፍሬው ያብለጨልጫል። ብዙ የከተማችን ሱቆች እዚህ ድረስ ይቆላሉ፤ ደንበኛው ጥቁር ይወዳል ይላሉ። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም፣ ጠቆር አድርጎ መቁላት ጉድለትን እንደሚሸፍን ቆሊው ሁሉ ያውቃል። የገረጣው ፍሬ ጠቁሮ ከጓደኞቹ ይመሳሰላል፣ የሻጋታው ሽታ በጭሱ ይዋጣል፣ የዘቢቡም ጠረን አብሮ ይሄዳል። ለሐረርጌ ቡና የኔ ምርጫ የመጀመሪያው መንጣጣት አልቆ ሁለተኛው ሳይጀምር የሚወጣ መካከለኛ አቆላል ነው።

ከፍታና ውሃም ይገቡበታል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ደግሞ በ96። ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም ፈካ ብሎ የተቆላ ጠንካራ ፍሬ ጣዕሙን ለማውጣት ሙቀት ይፈልጋልና፣ ሐረር ላይ እንዲህ ያለ ቡና ደቀቅ ብሎ ሊፈጭ ወይም ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ሊቆይ ይገባዋል። የድሬዳዋ ውሃ ደግሞ ኖራ ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ኖራ የበዛበት ውሃ የቡናውን ለስላሳ ኮምጣጣነት ስለሚያፍን፣ ውድ የሆነ ፈካ ያለ ቡና ገዝቶ በቧንቧ ውሃ ማፍላት ገንዘብን ማባከን ነው። ወይ የታሸገ ውሃ ይግዙ፣ ወይ መካከለኛ አቆላል ይምረጡ።

መፍጫውን በተመለከተ አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት መጋላ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ግማሽ ኪሎ አስፈጭቼ ወሰድሁ። ቤት ደርሶ ጀበናው ሲፈላ የወጣው ሽታ የወጥ ቤት ሽታ ነበር፤ ስኒው ላይ ሲቀዳ ደግሞ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ ታየ። በማግስቱ ሄጄ ስጠይቅ ልጁ ሳያፍር “አቦ፣ ከአንተ በፊት እርድ አስፈጭተው ነበር” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወፍጮው ለቡና ብቻ መሆኑን ሳልጠይቅ አላስፈጭም፤ ቢሆንም እንኳ ሆዱ ውስጥ የቀረው የቀደመው ደንበኛ ቡና እንዲወጣ ከራሴ ፍሬ አንድ እፍኝ አስቀድሞ አስፈጭቼ አስጥላለሁ።

የመጨረሻው ዋጋ ነው። ጥሬ ቡና ሲቆላ ውሃው ይተንና ክብደቱ ይቀንሳል፤ እንደ አቆላሉ ከ12 እስከ 20 በመቶ ያህል ይጠፋል። አንድ ጊዜ በኩሽናዬ ሚዛን አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ስመዝን ለቀማው 60 ግራም ወሰደ፣ የቀረው 940 ግራም ተቆልቶ 790 ሆነ። ይህ ማለት የተቆላው ቡና ኪሎ፣ ለከሰልና ለድካም ምንም ሳይታሰብ፣ ከጥሬው ኪሎ በሩብ ያህል መብለጥ አለበት። እንግዲህ አንድ ሱቅ የተቆላ ቡና በጥሬው ዋጋ ወይም ጥቂት ብቻ ጨምሮ የሚሸጥ ከሆነ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ቡናው ገበያ ላይ ካዩት ጥሬ በደረጃ ያነሰ ነው፣ ወይም አልተለቀመም፣ ወይም ተፈጭቶ የሚሸጥ ከሆነ ገብስና ሽንብራ ገብቶበታል።

## አማራጮቹ በየተራ

### ጥሬ ገዝቶ ቤት መቁላት

በለቀማና በትኩስነት የሚስተካከለው የለም። የሚለቅሙት ራስዎ ነዎት፤ በሰፌድ ላይ ዘርግቶ ጥቁሩን፣ የተበሳውን፣ ስባሪውንና ድንጋዩን ማውጣት ለአንድ ኪሎ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ጥሬ ቡና በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ለወራት ስለሚቆይ ዋጋው ሲረክስ ገዝቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ሐረር ላይ ጀንፈሉን ራሱን የሚገዙ ቤተሰቦች አሉ፤ ከነገለፈቱ ያለ ፍሬ የበለጠ ይቆያል፣ ሲፈለፈል ደግሞ ገለፈቱ ከወተት ጋር ለሚፈላው ሆጃ ይሆናል። ይህን ያህል ከቡናው የሚጠቀም ገዢ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ደካማ ጎኑ ወጥነቱ ነው። ምጣድ የሚያቃጥለው የነካውን ጎን ስለሆነ እጅ ለአፍታ ከዘገየ አንዱ ወገን ይከስላል፣ ሌላው ጥሬ ይቀራል። ከ200 ግራም በላይ በአንድ ጊዜ አይቁሉ። ታጥቦ የሚቆላ ከሆነ መጀመሪያ በለዘብተኛ እሳት ውሃው ይድረቅ፣ ከዚያ እሳቱ ይጨመር። መንጣጣቱ እየሳሳ ሲመጣ ወዲያው ሰፌድ ላይ ገልብጦ ማራገብ ያስፈልጋል፤ ፍሬው ከእሳት ከወረደ በኋላም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላልና ምጣዱ ላይ የተተወ ቡና የፈለጉትን ደረጃ አልፎ ያገኙታል። የጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው ጢሱ ሌላ ጣጣ ነው።

### ቆልቶ የሚፈጭ ሱቅ

ጀጎል ውስጥም ሆነ መጋላ፣ የሚሽከረከር በርሜል ያለው መቁያ ፊት ለፊት አቁመው የሚሠሩት ሱቆች የብዙ ሰው ምርጫ ናቸው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ገዢ ስለሚበዛባቸው ቡናው አያድርም፣ መቁያው ዓይንዎ ፊት ስለሚዞር የተቆላበትን ሰዓት መጠየቅ አያስፈልግም፣ በርሜሉ ከምጣድ የተሻለ እኩል ይቆላል። ጉድለታቸው ለቀማው ነው። ጆንያው እንደመጣ ወደ በርሜሉ የሚገለበጥበትን ሱቅ አይቻለሁ፤ ድንጋዩ ሲንኳኳ ይሰማል። ሁለተኛው ችግር ጠዋት የተቆላው ትናንት በተረፈው ላይ መደፋቱ ነው። ማጣሪያው ከላይ ሳይሆን ከዕቃው ሥር ዝገንልኝ ማለት ነው፤ ቀዝቅዞ ቅባቱ የወጣ ፍሬ ከታች ከተገኘ የከረመ ነው።

እነዚህን ሱቆች የሚጠቀሙበት ከሁሉ የተሻለው መንገድ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ራስዎ የለቀሙትን ጥሬ ቡና ወስደው የመቁያውን ብቻ መክፈል። ፈቃደኛ የሆኑ ሱቆች አሉ፤ ቢያንስ የበርሜሉን ሲሶ የሚሞላ መጠን ይጠይቃሉ፣ ምክንያቱም በጣም ትንሽ ቡና ባዶ በርሜል ውስጥ ሲንከባለል ያርራል። ሦስትና አራት ኪሎ ለቅሞ ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ መውሰድ ይቻላል። ጠዋት ማሽኑ ከሞቀ በኋላ፣ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ዙር ይግቡ፤ የመጀመሪያው ዙር አብዛኛውን ጊዜ አይስተካከልም። ቆመውም ይጠብቁ፤ “መንጣጣቱ ሲያልቅ አውጣልኝ” ማለት ያለብዎት እዚያው ሆነው ነው።

### በትእዛዝ የሚቆላ ትንሽ ቆሊ

ስፔሻሊቲ የሚባለው፣ በቅምሻ ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና፣ በአገር ውስጥ የሚገኘው በዋናነት ከእነዚህ ነው። በአንድ ጊዜ ጥቂት ኪሎ ይቆላሉ፣ የእያንዳንዱን ዙር ሙቀትና ደቂቃ ይመዘግባሉ፣ ከረጢቱ ላይ የተቆላበትን ቀን፣ ወረዳውን፣ ከፍታውንና አዘገጃጀቱን ይጽፋሉ። አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ስለዚህ የገለምሶ ቡና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ ተቆልቶ፣ ተመልሶ ድሬዳዋ ይመጣል። አስቂኝ ቢሆንም፣ ለቀማውን ሌላ ሰው በትክክል ሠርቶልዎ የሚመጣው ቡና ይኸው ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። የሐረርጌ ቡና አላቸው ወይስ የታጠበ ይርጋጨፌና ጉጂ ብቻ? የታጠበውን መጥፎ ለማለት አይደለም፤ ከዚህ ቤት የለመዱትን ጠረን ግን አያገኙበትም። ለጀበና የሚሆን አቆላል አላቸው? ብዙዎቹ የሚቆሉት በማጣሪያ ወረቀት ለሚፈላ ስለሆነ ፈካ ያለ ነው፣ ጀበና ላይ ሲፈላ ደግሞ ኮምጠጥ ይላል። አላላኩስ እንዴት ነው? በአዋሽና በሚኤሶ ቆላ ቀኑን ሙሉ ከአውቶቡስ ጣሪያ ሥር የዋለ ከረጢት ከረጢት ብቻ ሆኖ ይደርሳል፤ በሌሊት ጉዞ ወይም በአውሮፕላን መላክ ተጨማሪው ክፍያ ይገባዋል። ከረጢቱ ላይ ጋዝ የሚያስወጣና አየር የማያስገባ ትንሽ ቀዳዳ መኖሩንም ያረጋግጡ። እነዚህን ጥያቄዎች በደስታ የማይመልስ ቆሊ፣ ጥያቄዎቹን ራሱ ጠይቆ አያውቅም ማለት ነው።

### የታሸገ የፋብሪካ ቡና

ሱፐርማርኬት የሚገኘው ነው። አቆላሉ ወጥ ነው፣ ድካም የለውም፣ ዛሬ የጠጡትን በሚቀጥለው ወር ያገኙታል። ብዙውን ጊዜ የሚጻፍበት ግን የተቆላበት ቀን ሳይሆን የሚያበቃበት ጊዜ ነው፤ “እስከ አንድ ዓመት” የሚል ጽሑፍ ስለ ትኩስነቱ ምንም አይናገርም። ከገዙ ያልተፈጨውን፣ ከመደርደሪያው ኋላ ያለውን ይምረጡ።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መለኪያ | ቤት መቁላት | ቆልቶ የሚፈጭ ሱቅ | በትእዛዝ የሚቆላ | የፋብሪካ |
|---|---|---|---|---|
| ለቀማ | በራስዎ እጅ | አብዛኛውን ጊዜ ደካማ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ |
| ትኩስነት | የዕለቱ | ከጥቂት ሰዓት እስከ ጥቂት ቀን | ቀኑ ተጽፎ ይመጣል | ብዙ ጊዜ አይታወቅም |
| የአቆላል ወጥነት | እንደ እጁ | መካከለኛ፣ ወደ ጥቁር ያደላ | ከፍተኛ | ከፍተኛ |
| የወረዳ መረጃ | ሻጩ ካወቀ | አልፎ አልፎ | ሁልጊዜ ማለት ይቻላል | አልፎ አልፎ |
| ድካም | ብዙ | ጥቂት | ትእዛዝና ጥበቃ | የለም |
| ወጪ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ይበልጥ የሚስማማው | ለጀበና | ለጀበና፣ ለአነስተኛ ካፌ | ለማሽን፣ ለማጣሪያ፣ ለስጦታ | ለቢሮ፣ ለመንገድ |

## ለማን ምን ይሻላል?

በሳምንት ሩብ ኪሎ ገደማ የሚያፈላ ቤተሰብ ከሁለቱ የመጀመሪያዎቹ አማራጮች መውጣት አያስፈልገውም። ጊዜ ካለ ቤት ይቁሉ፤ ከሌለ በወር አንድ ቀን ለቅመው ሱቅ ያስቆሉ። የተቆላውን በየሳምንቱ ከፋፍሎ በጠርሙስ መዝጋት፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆየውን በደንብ አሽጎ በረዶ ቤት ማስገባት ጥሩ ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከሽንኩርቱና ከቅቤው ጎን፣ አያስቀምጡት፤ ቡና ሽታ ይስባል። በቡና ሥነ ሥርዓቱ ላይ እንግዳ ፊት የሚቆላ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው አስቀድሞ ተመልሷል።

ገንዘቡ አጠር ያለበት ሰው ከቁላቱ ይልቅ ጥሬው ላይ ይቆጥብ። ደረጃው ዝቅ ያለ ጥሬ ቡና ገዝቶ አጥብቆ መልቀም፣ ሳይለቀም የተቆላ “አንደኛ” ከመግዛት የሚሻል ስኒ ይሰጣል። ተፈጭቶ የተዘጋጀ ርካሽ ቡና ግን በምንም ዋጋ አይገዛ፤ ምን እንደገባበት በዓይን ማየት አይቻልምና።

በከዚራም ሆነ በሐረር አዲሱ ከተማ ማሽን አቁሞ ማኪያቶ የሚሸጥ ሰው ስሌቱ ይለያል። በአንድ ስኒ 9 ግራም ቢጠቀም ከአንድ ኪሎ 111 ስኒ ገደማ ይወጣል፤ ስለዚህ በኪሎ የሚጨመረው ዋጋ በስኒ ሲካፈል የሚመስለውን ያህል አያስፈራም። እንዲህ ላለ ቤት ከምንም በላይ ወጥነት ይጠቅማል፤ ቡናው በየሳምንቱ ከተለወጠ አፍሊው ወፍጮውን ሲያስተካክል ይውላል። ከአንድ ቆሊ ጋር ለሦስት ወር ያህል አንድ ዓይነት ጆንያ እንዲይዝለት ይዋዋል፣ ቡናው ከተቆላ በኋላ አምስት ቀን ሳይሞላው ወደ ማሽኑ እንዳይገባ ያድርግ። ሽያጩ በአብዛኛው የወተት መጠጥ ከሆነ ግን ውድ ፈካ ያለ ቡና አይግዛ፤ ወተቱ ይውጠዋል። ከጥሩ ሱቅ መካከለኛ ወይም ጠቆር ያለ አቆላል ይበቃዋል።

እንግዳ ማረፊያ ላላቸው በተለይም ጀጎል ውስጥ ለሚሠሩ የምመክረው ሁለቱንም እንዲይዙ ነው። ጎብኚው የሰማው ስለ ሐረር ቡና ነውና ጀበናው በአካባቢው ተለቅሞ በተቆላ ይፈላ፤ ወደ አገሩ ይዞ የሚሄደው ደግሞ ቀንና ወረዳ የተጻፈበት፣ ያልተፈጨ፣ በሚገባ የታሸገ ይሁን። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ለሚልክም ይኸው ይሠራል። እናቶች ፈጭተው በፕላስቲክ ጠቅልለው መላክ ያዘወትራሉ፤ ዘመዱ የናፈቀው ጠረን ግን ከቦሌ ሳይነሣ አልቋል።

ለሁሉም የሚሆን አንድ የጊዜ ጉዳይ ይቀራል። የሐረርጌ ቡና ከዛፉ የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ደርቆና ተፈልፍሎ አዲሱ ምርት ገበያ መግባት የሚጀምረው ከታኅሣሥ ወዲህ ነው። በኅዳር “አዲስ ቡና” የሚል ሻጭ የሚሸጠው ያለፈው ዓመት ቡና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጥሬው ላይ ማየት ይቻላል፤ አዲሱ ፍሬ ወደ አረንጓዴ ቢጫነት ያደላል፣ በእጅ ሲነካ ከበድ ይላል፤ የከረመው ነጣ ይላል፣ ክብደቱም ቀለል ይላል፣ ሽታውም የጆንያው ሽታ ነው። ለዓመት የሚሆነውን ጥሬ ሊገዛ ያሰበ ሰው እስከ ጥር መጨረሻ ይጠብቅና ከሁለት ሦስት ሻጭ ሩብ ሩብ ኪሎ ወስዶ፣ ለቅሞ፣ በአንድ ምጣድ ተራ በተራ ቆልቶ፣ በአንድ ውሃ አፍልቶ ይቅመስ፤ ከዚያ የመረጠውን ሻጭ ጆንያውን ሳይዘጋው ይድረስበት።